ስሙ ሳይነገር የሚወጋው መርፌ

በደሴና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መድኃኒት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ያን መርፌ ስጠኝ፤ ባለፈው ተወግቼ በማግስቱ ነው የተነሣሁት» ይላል ከወረኢሉ ወይም ከአምባሰል የመጣ ታማሚ። የትኛው መርፌ እንደሆነ ሲጠየቅ ስሙን አያውቀውም፤ የሚያስታውሰው አምፑሉ ትንሽ እንደነበረ፣ ፈሳሹ ጥርት ያለ እንደነበረ፣ ወገቡ ወይም ጉልበቱም በአንድ ሌሊት እንደተፈታለት ብቻ ነው። በዚህ መግለጫ ውስጥ ብዙ መድኃኒት ሊገባ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በፋርማሲ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደታዘብሁት፣ ነገሩን ገፋ አድርጎ ለጠየቀ ሰው ከመልሶቹ መካከል ዴክሳሜታዞን፣ በሠራተኛው አነጋገር «ዴክሳ»፣ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ዴክሳ ክፉ መድኃኒት ነው የሚል እምነት የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ዋጋው የማይከብድ፣ በሰዓቱና በቦታው ሲሰጥም ሰውን ከሞት አፋፍ የሚመልስ ነው። የሚያሳስበኝ ታማሚው ስሙን ሳይሰማ፣ ለምን እንደታዘዘለት ሳይነገረው፣ በካርዱም ላይ ሳይጻፍለት ተወግቶ መሄዱ ነው። የዚህ መድኃኒት ፈውስና ጉዳት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስለሆኑ፣ ስሙን ያላወቀ ታማሚ ሲሻለው ለምን እንደተሻለው፣ ሲታመምም ለምን እንደታመመ ማወቂያ መንገድ አይኖረውም፤ ቀጥሎ የሚያክመው ሐኪምም እንዲሁ ነው።

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች፣ አድሬናል የሚባሉት፣ በየዕለቱ ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል የደም ግፊትን ይደግፋል፣ ሰው ሳይበላ ሲቆይ የደሙ ስኳር እንዳይወርድ ያደርጋል፣ የሰውነት መከላከያም ከልክ አልፎ የራሱን አካል እንዳይጎዳ ይገታዋል። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ይህንኑ ሆርሞን የሚተኩ ወይም ሥራውን አብዝተው የሚሠሩ ናቸው። ሃይድሮኮርቲዞን ራሱ ኮርቲዞል ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በዱቄት መልክ ይመጣና በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል፤ ሥራውም ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። ዴክሳሜታዞን ብዙ ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ሚሊግራም ይዞ በመስታወት አምፑል የሚመጣ ሲሆን፣ ጉልበቱ ከሃይድሮኮርቲዞን 25 እጥፍ ያህል ስለሆነ ያቺ አንዲት አምፑል ከ100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ጋር ትመጣጠናለች። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያመነጨው ኮርቲዞል ከ20 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ የዴክሳ ሥራ ከ36 እስከ 54 ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። እንግዲህ «አንዲት ትንሽ መርፌ» የምንላት ነገር ሰውነት ለቀናት የሚሠራውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ ትሰጣለች ማለት ነው።

የወገብ ሕመምተኛው በማግስቱ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ እብጠቱንና ቁጣውን ያበርዳል፤ ሕመሙን ያመጣውን ነገር ግን አይነካውም። ሕመሙ የመጣው ከባድ ሸክም ከማንሣት ቢሆን፣ ከዲስክ መንሸራተት ቢሆን፣ ወይም በእኛ አገር ፈጽሞ ሊዘነጋ ከማይገባው ከጀርባ አጥንት ቲቢ ቢሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ታማሚው የሚሰማው እፎይታ ተመሳሳይ ነው። በቲቢ የተያዘ ሰው ዴክሳ እየተወጋ «ተሻለኝ» ሲል በሽታው አጥንቱን መብላቱን ይቀጥላል፤ እንዲያውም የሚከላከለው ኃይል ስለተዳከመ ይፋጠናል።

ይህ ደስታና ይህ መዘዝ ከመድኃኒቱ ልደት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪም ፊሊፕ ሄንች፣ መገጣጠሚያቸው የሚቆጣባቸው ሴቶች ሲያረግዙ፣ ሌሎች ታማሚዎችም የዓይን ቢጫነት ሲይዛቸው ሕመማቸው ጋብ እንደሚል አስተውሎ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ማስታገሻ መኖር አለበት ብሎ ለዓመታት ሲፈልግ ቆየ። ባልደረባው ኤድዋርድ ኬንዳል ከአድሬናል ዕጢ ከለያቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ በኋላ ኮርቲዞን የተባለውን፣ በሴፕቴምበር 1948 እ.ኤ.አ. ከአልጋዋ ላይ መገላበጥ እንኳ ላቃታት አንዲት ወጣት ሴት ሲወጉላት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በ1950 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ከስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ታማሚዎች ፊታቸው ማበጥ፣ አጥንታቸው መሳሳት፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ሕመማቸው መመለስ ጀመረ። በማዮ ክሊኒክ ያን ጊዜ የታየው ዛሬ በወሎ ገበያዎች ዳር ባሉ የሕክምና ክፍሎች የሚታየው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚሰጠው ምን እንደሆነ በወረቀት ላይ ይሰፍር ነበር።

ጥቅሙን በሙሉ ልብ ልናገር። ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ቀኑ ሳይደርስ ምጥ የያዛትን እናት ነው። ግራሃም ሊጊንስ የተባለው የኒውዚላንድ ሐኪም በነፍሰ ጡር በጎች ላይ ሲመራመር፣ ኮርቲኮስቴሮይድ ያገኙ ግልገሎች ያለ ጊዜያቸው ቢወለዱም መተንፈስ እንደቻሉ አየ፤ ከሮስ ሃዊ ጋር ሆኖም በ1972 እ.ኤ.አ. በእናቶች ላይ የተገኘውን ውጤት አሳተመ። ያለ ጊዜው የሚወለድ ሕፃን ሳንባው ተጣብቆ እንዳይቀር የሚያደርገውን ቅባት ያለው ንጥረ ነገር ሳያመነጭ ስለሚወጣ፣ መርፌው ለእናትየው ሲሰጥ የሕፃኑ ሳንባ በማኅፀን ሳለ ይበስላል። የሚሰጠውም 6 ሚሊግራም ዴክሳ በየ12 ሰዓቱ 4 ጊዜ በጡንቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች የተደረገው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ 28 ቀን ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት ድርሻ ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ እንዳለ አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ በታወቀበት፣ እናትየው ኢንፌክሽን እንደሌለባት በተረጋገጠበት፣ ሕፃኑን የሚያሞቅና ትንፋሹን የሚደግፍ ክፍል ባለበት ቦታ ነበር። ይህ ሁሉ ባልተሟላባቸው ቦታዎች በስፋት በተሞከረበትና በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ደግሞ፣ በአጠቃላይ የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ጨምሮ ተገኝቷል። ከደላንታ ወይም ከወሎው ቦረና ወደ ደሴ የምትላክ እናት መንገዱ ረጅም ነውና፣ የመጀመሪያው መርፌ የተወጋችበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቷ ላይ መጻፉ ተቀባዩ ሐኪም ቀጣዩን በሰዓቱ እንዲሰጥ ወይም እንዳይደግም የሚያደርገው ብቸኛ መረጃ ነው።

ኮቪድ በመጣ ጊዜም መድኃኒቱ እውነተኛ ባሕርዩን አሳይቷል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ውጤት፣ በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳ እስከ 10 ቀን መስጠት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ታማሚዎች ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚያገኙት ደግሞ በአምስተኛ እጅ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀማቸውም፤ የቁጥሩ አዝማሚያ እንዲያውም ወደ ጉዳት ያዘነበለ ነበር። በዚያን ወቅት የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮቪድ ታማሚዎች መታከሚያ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ለጠና ታማሚዎች የሚሰጠውን መድኃኒት ስም ሰምቶ ሳል ብቻ ይዞት ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጣ ሰው ብዙ ነበር። በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፤ ነገር ግን ለአንዱ ሕይወት ለሌላው ጉዳት የሚያደርገው የበሽታው ደረጃ ነው። ይህን ለሰልፈኛ ማስረዳት ከባድ መሆኑን አልክድም። ቦሩ ሜዳ በሥጋ ደዌ ሕክምናውም የታወቀ ነው፤ በዚያ በሽታ ነርቭ ተቆጥቶ እጅና እግር ሊሰንፍ ሲል፣ ዓይንም አልከደን ሲል፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ፕሬድኒሶሎን በሐኪም ክትትል ለወራት ተሰጥቶ ብዙ ሰው ከአካል ጉዳት ይድናል።

አስም ሲነሣ፣ የአንጎል ዕጢ ዙሪያውን ሲያሳብጥ፣ የአድሬናል ዕጢ ሥራውን ሲያቆም ያለውን ጥቅም ሐኪሞች ያውቁታል። ፔኒሲሊን ወይም የንብ መንደፍ በድንገት ጉሮሮውን ላሳበጠበትና ግፊቱ ለወደቀበት ሰው ግን የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጡንቻ። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈልግ እሱን እየበጠበጡ አድሬናሊንን ማዘግየት ሰው ይገድላል።

የወሎ ቆላዎች፣ ባቲም ቆቦም መርሳም፣ የወባ አገር ናቸውና ስለ ወባ ሳልናገር አላልፍም። አንጎል ያጠቃው ወባ ታማሚውን ሰመመን ውስጥ ሲከተው፣ «አንጎሉ አብጧልና ዴክሳ ይሰጠው» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ልክ ይመስላል። በታይላንድ 100 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ በ1982 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ያሳየው የተገላቢጦሹን ነው፤ ዴክሳ የተሰጣቸው ለመንቃት የወሰደባቸው ጊዜ ረዘመ፣ የሳንባ ምችና የጨጓራ መድማትም በዛባቸው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ በሽታ አይመከርም።

አሁን ወደ ጉልበትና ወገብ መርፌ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር የስኳር መድኃኒት ሊገዙ መጡ። ስኳራቸው በክኒን ሲታገሥ ቆይቶ በድንገት አልመለስ ብሏል። ፊታቸው ክብ ሆኖ አብጧል፣ ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ክንዳቸው ግን ቀጥኖ፣ ቆዳው ስስ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም የበለዘ ነገር ይታይበታል።

«አባቴ፣ በቅርቡ መርፌ ተወግተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«አዎ ልጄ፣ ለጉልበቴ በየገበያው ቀን እወጋለሁ።»

«ምን የሚባል መርፌ ነው?»

«የጉልበት መርፌ ነዋ! አብሽር፣ ምንም አይል። እሱን ከጀመርሁ ወዲህ አልሐምዱሊላህ መስጊድ ሄጄ ቆሜ ነው የምሰግደው።»

ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው አወጡ። በእያንዳንዱ የገበያ ቀን ትይዩ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «መርፌ»። ልጃቸው በሚቀጥለው ጊዜ ባዶዎቹን አምፑሎች ለምኖ አመጣልኝ፤ ዴክሳና ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነበሩ፣ ሁለቱ በአንድ ስሪንጅ ተቀድተው የሚሰጡ። ማስታወሻ ጽፌ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ አላቋረጠባቸውም፤ ወደ ፕሬድኒሶሎን ክኒን አዛውሮ ቀስ በቀስ እየቀነሰ አስተዋቸው። ስኳራቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ጉልበታቸው ግን እንደገና አመማቸውና ቅር ተሰኝተውብኝ ነበር፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቆሞ መስገድ ለአንድ አዛውንት ትንሽ ነገር አይደለምና። ፓራሲታሞል፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ፤ እነዚህ የመርፌዋን ያህል አያስደስቱም።

በዚያ ስሪንጅ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ መድኃኒቶች ለየብቻቸውም ጨጓራን ይጎዳሉ፤ አብረው ሲሰጡ የመድማት አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። ዲክሎፌናክ ከሌላ መርፌ ጋር በአንድ ስሪንጅ መደባለቅም የለበትም። ጨጓራቸውን እያማቸው የሚወጉ ሰዎች ጥቁር ዓይነ ምድር ሲያዩ የሚያስቡት የበሉትን ምግብ ነው፤ መርፌው ትዝ የሚለው ሰው አይገኝም። ግፊትም ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይጠፋል፣ አንዳንዱም ያለ ምክንያት ይፈነጥዛል ወይም ይቆጣል። ወደ ውስጥ ገብቶ አንጀት የበሳ ሕመም እንኳ ያለ ትኩሳትና ያለ ብርቱ ሥቃይ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

በእርሻ ለሚኖር ሕዝብ ደግሞ ሌላ ስውር አደጋ አለ። ስትሮንጊሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ከእርጥብ አፈር በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባና፣ በሰውየው አንጀት ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርት ዓመታት ያለ ምልክት ይኖራል። ኮርቲኮስቴሮይድ ሲሰጥ ትሉ ልጓሙ ይለቀቅለትና በብዛት ተራብቶ ሳንባና አንጎል ድረስ ይዘልቃል፤ ከአንጀት ይዞት የሚወጣው ባክቴሪያም ደምን ይመርዛል። አይቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒት ቀድሞ ቢሰጥ ይህን መከላከል ይቻላል፤ ለዚህም ታማሚው በባዶ እግሩ የሚያርስ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ አወጋጉም ጥቂት ልበል። ዴክሳ በደም ሥር በፍጥነት ሲገፋ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ በሐፍረተ ሥጋ አካባቢ ብርቱ የማቃጠልና የማሳከክ ስሜት ያመጣል። ከደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ ጉዳትም የለውም። ያልተነገራት ሴት ግን ትደነግጣለች፣ ለወንድ ነርስ መናገርም ታፍራለች። በፈሳሽ አቅጥኖ ቀስ ብሎ መስጠትና «እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ስሜት ይመጣል፣ ወዲያው ያልፋል» ማለት ይበቃ ነበር። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው፣ ወተት የመሰለው ትሪያምሲኖሎን በበኩሉ ተንጦ፣ በጡንቻ ከሆነ በጥልቀት መወጋት አለበት፤ ከቆዳ ሥር ከቀረ ሥቡን አሟሙቶ ቦታውን ያጎደጉደዋል፣ በጥቁር ቆዳችን ላይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሐኪም ንጽሕናን እንደ ቀዶ ሕክምና ሊጠብቅ ይገባል፤ የስኳር ታማሚም ስኳሩ ለቀናት እንደሚጨምር ሊነገረው ይገባል። ንጽሕና ሲጓደል ምን እንደሚመጣ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታይቷል፤ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ያዘጋጀው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ሌላ የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ በፈንገስ ተበክሎ ለጀርባ ሕመም የተወጉ ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ60 በላይ ሞቱ። በዚያ አገር ሰዎቹን አንድ በአንድ ፈልጎ ማግኘት የተቻለው ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ብልቃጥ እንደተወጋ ተመዝግቦ ስለነበረ ነው።

የመጨረሻው ነገር ማቋረጥ ነው። ከ3 ሳምንት በላይ ሳይቋረጥ ወይም ደጋግሞ የተሰጠ ኮርቲኮስቴሮይድ የአድሬናል ዕጢዎችን ሥራ ያስፈታል፤ ሆርሞኑ ከውጭ እየመጣ ለምን ያመርታሉ? መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ዕጢዎቹ ወዲያው አይነቁም፤ እስኪነቁ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መካከል ሰውየው ተቅማጥ ቢይዘው፣ ወባ ቢነሣበት፣ እግሩ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት፣ ሰውነቱ የሚፈልገውን ተጨማሪ ኮርቲዞል ማግኘት አይችልም፤ ያስመልሰዋል፣ ይዝላል፣ ግፊቱና ስኳሩ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል። በድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም የሚያየው ግሉኮስና ፈሳሽ ተሰጥቶት የማይነሣ ታማሚ ነው። የሚያነሣው በደም ሥር የሚሰጥ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ነው፤ ሐኪሙ ይህን እንዲያስብ ግን አብሮ የመጣው ቤተሰብ «በየገበያው ቀን ዴክሳ ይወጋ ነበር» ማለት መቻል አለበት፤ ወይም ከኪሱ የሚወጣው ካርድ «መርፌ» ከሚለው ቃል አጠገብ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን መያዝ አለበት።